የልጆቼ ትምህርት ቤት መስከረም ላይ ወላጅን እንዴት ነው የሚቀበለው? (ሪቪው፣ 3.5 ከ5)

ሰላም ለሁላችሁ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ኢንቦክስ እየመጣችሁ "ልጆችሽ የሚማሩበት እንዴት ነው፣ ላስመዝግብ ወይ" ስትሉኝ ለነበራችሁ በሙሉ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ስለ ህንጻው፣ ስለ ግቢው ስፋት፣ ስለ ኮምፒውተር ክፍሉ አልጽፍም፣ እሱን ብሮሹሩ ላይ በከለር ፎቶ ታገኙታላችሁ። እኔ የምገመግመው ትምህርት ሲጀመር ከቤት ጋር እንዴት እንደሚገናኙ ብቻ ነው። ሌላው ሌላው ከተማው ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት ሁሉ ተቀራራቢ ነው፣ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው የሚታየው።

ስሙን አልጽፍም፣ ልጆቼ እዛው ናቸው፣ ነገ ጠዋት በር ላይ ዳይሬክተሯን ሰላም ማለት አለብኝ። አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ያለ ከኬጂ እስከ 8ኛ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ነው በቃ። ትልቋ 3ኛ ክፍል ናት፣ ትንሹ ዩኬጂ።

እኛ ስንማር ወላጅ ትምህርት ቤት የሚረግጠው መቼ ነበር? ለምዝገባ፣ ሰኔ 30 ካርድ ለመቀበል (እሱም ብዙዎቻችን ብቻችንን ነው የተቀበልነው)፣ ከዛ ደግሞ "ወላጅ አምጣ" ሲባል። ወላጅ አምጣ የተባለ ልጅ ሰፈር ውስጥ ያለ ሊስትሮ ወይ የሱቅ ልጅ ለምኖ አጎቴ ነው ብሎ ይዞ የሚሄድበት ዘመን ነበር፣ ያላየ የለም። ስለዚህ አሁንም ድረስ ከትምህርት ቤት ስልክ ሲደወልልን ሆዳችን ነው የሚላወሰው፣ ምን አጠፋ ነው መጀመሪያ የምንለው። እኔም ባለቤቴም እንደዛ ነን። እና አንድ ትምህርት ቤት ልጁ ምንም ሳያጠፋ፣ ገና ፈተና ሳይፈተን፣ ኑና እናውራ ሲል ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

እነዚህ ሰዎች ያንን ያደርጋሉ። መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት (ከዛ በፊትማ ታውቁታላችሁ፣ ግማሽ ቀን፣ ግማሹ ልጅ አልመጣ፣ ግማሹ መጽሐፍ አልደረሰ) እያንዳንዱ ወላጅ ከሆም ሩም ቲቸሩ ጋር 15 ደቂቃ ይሰጠዋል። ከዛ በፊት አንድ ወረቀት ቤት ይላካል፣ መሙያ ቅጽ፣ ግን የተለመደው የቀበሌ ፎርም ዓይነት አይደለም። ልጁ ምን ያስፈራዋል፣ ሲናደድ ምን ያረጋጋዋል፣ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቤት ማን ይጠብቀዋል፣ የቤት ስራ የሚያሰራው ማነው፣ ማታ በስንት ሰዓት ይተኛል፣ በየትኛው እጁ ነው የሚጽፈው፣ የማይስማማው ምግብ አለ ወይ። "የቤት ስራ የሚያሰራው ማነው" የሚለውን ሳነብ ሳቅሁ፣ ምክንያቱም እውነቱን ከጻፍኩ መልሱ አያቱ ናት፣ እኔ ከስራ የምገባው 12 ሰዓት ተኩል ነው፣ መንገዱ ከተዘጋጋ አንድ ሰዓትም ይሆናል።

የዩኬጂዋ ሚስ ወረቀቱን አንብባዋለች። አንብባዋለች የምለው ስገባ ጠረጴዛዋ ላይ በእስክሪብቶ አስምራበት ስላየሁት ነው። ቁጭ እንዳልኩ ስለ ልጄ ሪፖርት ልትነግረኝ ነው ብዬ ስጠብቅ "እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ካወቅሁት ገና ሁለት ሳምንቴ ነው፣ እርስዎ አምስት ዓመት ያውቁታል" አለችኝ። በዕድሜ ከኔ ብዙ የምታንስ ልጅ ናት። ቀጥሎ የግራ እጁን ነገር አነሳችብኝ፣ ክፍል ውስጥ በግራው ጀምሮ መሃል ላይ ወደ ቀኝ እንደሚቀይር፣ ከዛ ተናዶ እርሳሱን እንደሚጥል። ነገሩ ገባኝ፣ እናቴ ናት፣ ቤት ውስጥ "በቀኝህ! በቀኝህ!" እያለች የምታስቀይረው፣ በሷ ጊዜ በግራ መጻፍ ነውር ስለነበር። ይሄንኑ ስነግራት ሚስ ምን አለች መሰላችሁ፣ "ለእሳቸው እርስዎ ከሚነግሯቸው እኔ ላውራቸው፣ ይዘዋቸው ይምጡ።" እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች፣ ሚስ ተነስታ ተቀበለቻት፣ እማማ ብላ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት፣ ምን እንደተባባሉ ሁሉንም አልሰማሁም፣ ብቻ ከዛ ቀን ጀምሮ በቀኝህ የሚባል ነገር ቤታችን ውስጥ የለም። እኔ ብናገራት ኖሮ "አንቺን ያሳደግሁሽ እኔ" ነበር የምትለኝ። ለዚህ ብቻ አራት ኮከብ እሰጣለሁ።

ግን ያው ትምህርት ቤት፣ ያው ሳምንት፣ ያው ቅጽ፣ 3ኛ ክፍል ስሄድ ሌላ ነው ያገኘሁት። ቲቸሩ ወረቀቱን አላየውም፣ ሙሉ ክላሰር ስር ተቀምጧል፣ ያለፈውን ዓመት ውጤት ከኮምፒውተር ላይ አነበበልኝ፣ እንግሊዝኛ ይህን ያህል፣ ሳይንስ ይህን ያህል፣ "ጎበዝ ናት፣ ትንሽ ታወራለች፣ ቤት ይከታተሏት" አለና ጨረሰ። ካርዱማ ቤት አለኝ እኮ። ይከታተሏት ማለት ምን ማድረግ ነው ስለው ትንሽ ደነገጠ፣ ሰው ጠይቆት አያውቅም መሰለኝ፣ ከዛ ግን ቀና ሰው ነው፣ አስቦ የማባዛት ሰንጠረዡ ላይ ፈዘዝ እንደምትል ነገረኝ፣ እሱን ይዤ ወጣሁ። ስለዚህ ፕሮግራሙ መኖሩ ጥሩ ነው፣ አስተማሪዎቹን ግን አላሰለጠኗቸውም፣ እድላችሁ ነው። ስታስመዘግቡ ይሄን እወቁት።

አሁን ወደ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ልምጣ። በየቀኑ ቦርሳ ውስጥ የሚመጣው ማለቴ ነው፣ ወላጅ የሚፈርምበት። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው! ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። እንግሊዝኛ ሚዲየም ነን ይላሉ፣ እሺ ልጁን በእንግሊዝኛ አስተምሩ፣ ከኔ እናት ጋር ግን በእንግሊዝኛ ምን አገናኛችሁ? ልጁ ከሰርቪስ 10 ሰዓት ላይ ሲወርድ የምትቀበለው እሷ ናት፣ አማርኛ ዳዊት ትደግማለች፣ "ነገ ባዶ የጁስ ካርቶን ይዞ ይምጣ" የሚለውን ግን ማንበብ አትችልም፣ እኔ ስደርስ ሱቅ ተዘግቷል፣ ልጁ ጠዋት እያለቀሰ ይሄዳል። ጎረቤቴ ጋ ደግሞ የቤት ስራ የምታሰራው ሠራተኛዋ ናት፣ 10ኛ ክፍል ማታ የምትማር ጎበዝ ልጅ፣ የሚስ የእጅ ጽሁፍ ግን ለኔም አይነበብም። ስብሰባ ላይ ይሄን አንስቼ ነበር፣ ጭብጨባም ነበረው፣ ዳይሬክተሯም እናያለን አሉ። የዩኬጂዋ ሚስ ግን እናያለንን አልጠበቀችም፣ በቴሌግራም በአማርኛ ቮይስ መላክ ጀመረች፣ አንድ ደቂቃ የማትሞላ፣ ዛሬ ይሄን ፊደል ተማርን፣ ነገ ይሄን ይዘው ይምጡ፣ አለቀ። እናቴ በኔ አሮጌ ስልክ ከፍታ ሁለት ሦስቴ ትሰማዋለች። እንደዚህ ቀላል ነገር ነው እኮ።

ቴሌግራም ካልኩ አይቀር የክፍሉን ግሩፕ ልንገራችሁ። የ3ኛ ክፍሉ ማለቴ ነው። ሲከፈት ለትምህርት ጉዳይ ብቻ ተብሎ ከላይ ፒን ተደርጓል፣ ከስሩ ግን የሸኖ ቅቤ አለ፣ የመልካም አዲስ ዓመት ስቲከር ከነአሜኑ፣ የጠፋ ጃኬት ፎቶ፣ ከለሊቱ 6 ሰዓት ላይ "ገጽ 14 ነው ወይስ 41" የሚል ጥያቄ፣ ለሱ የተሰጡ አስር የተለያዩ መልሶች። በዚህ መሃል ቲቸሩ የጻፈው ዋና መልዕክት ይሰጥማል። አንድ ቀን ደግሞ አንዲት እናት የሌላ ልጅ ስም ጠርታ ልጄን መታው ብላ ለጠፈች፣ የልጁ አባት መለሰ፣ ከዛ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም፣ ልጆቹ በማግስቱ አብረው ሲጫወቱ ነበር። መፍትሄው ከባድ አይደለም፣ ቲቸሩ ብቻ የሚለጥፍበት ቻናል መክፈትና ወላጆች ከፈለጉ ለብቻቸው ግሩፕ ይኑራቸው። የልጅ ጥፋት ደግሞ ለወላጁ በግል ነው የሚነገረው፣ ይሄን ደንብ አድርገው መስከረም ላይ ማሳወቅ የትምህርት ቤቱ ስራ ነበር።

እና ግሩፑ ውስጥ ያለነው ሴቶች ነን ማለት ይቻላል። ቅጹ ላይ የአባት ስልክ መጻፊያ አለ፣ የሚደወለው ግን ለእናት ነው፣ ሁሌ። ባለቤቴ ከኔ ይልቅ ሰዓቱ የሚመቸው ሰው ነው፣ የራሱ ስራ ነው ያለው፣ አንዴ ሄዶ ለሱ ደውሉ ብሎ ነገራቸው፣ ጸሐፊዋ በትህትና ጻፈች፣ ልጁ ትኩሳት ሲይዘው የደወሉት ለኔ ነው፣ እኔ ሚቲንግ ላይ ነበርኩ።

ስልክ ላይ ሌላ የሚያናድደኝ ነገር አለ። የክፍያ ኤስኤምኤስ በቀኑ በሰዓቱ ይመጣል፣ አንድም ጊዜ አይሳሳትም፣ በቴሌብር ከከፈልኩ ደቂቃ ሳይቆይ ደርሶናል ይላል። ልጄ ሜዳ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተልጦ የመጣ ቀን ግን ያወቅሁት ሱሪው ከጉልበቱ ላይ ሲጣበቅ ነው። ሲስተሙ አላቸው ማለት ነው፣ ለምን እንደሚጠቀሙበት ነው ጥያቄው።

ትልቁ የወላጆች ስብሰባ። ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት። ማክሰኞ! አዳራሹ ግማሽ ነበር፣ ያልመጡት ወላጆች ግድ የላቸውም የሚል ነገርም በስሱ ተነገረ፣ እኔ ፈቃድ ወስጄ የመጣሁት ራሱ ተናደድኩ። ፕሮጀክተር ላይ የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ውጤት ታየ፣ በ2014 ከተፈተኑት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። ቁጥሩ እውነት ነው፣ ሁላችንም የደነገጥንበት ነው፣ ግን የ3ኛ ክፍል ልጅ ወላጅ ይሄን አይቶ ዛሬ ማታ ቤት ምን ያድርግ? ማስፈራራት ብቻ ሆነ። ከዛ ስለ አዲሱ አደረጃጀት ተነገረን፣ በ2015 በጸደቀው ፖሊሲ እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ና 8 መካከለኛ፣ ከ9 እስከ 12 ሁለተኛ ደረጃ መሆኑን፣ 6ኛም 8ኛም ላይ ፈተና መኖሩን። ይሄ ጠቃሚ ነው፣ ግን ሁላችንም ልናውቀው የፈለግነው ሌላ ነበር፣ እሱንም አንድ አባት ተነስቶ ጠየቀ፦ "ልጄ ሒሳብም አለው ማትስም አለው፣ የትኛውን ነው የማስጠናው?"

አዳራሹ ሳቀ ግን ጥያቄው የሁሉም ነው። ለማታውቁት፣ በመንግስት ካሪኩለም ከታች ያሉት ክፍሎች የሚማሩት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ ሒሳብ፣ ክወናና ዕይታ ጥበባት እያለ ይቀጥላል፣ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ወላጅ የሚከፍለው ለእንግሊዝኛ ነው ብለው ማትስና ሳይንስ ከላዩ ይጨምራሉ፣ ልጅቷ ክፍልፋይን በአንድ ሳምንት በሁለት ቋንቋ ትማራለች፣ ቦርሳዋ ደግሞ ከሷ ይከብዳል። መልሱ "ሁለቱንም" ነበር። ከዛ በላይ ማብራሪያ አላገኘንም፣ ምን ያህሉ ከየትኛው ይያዛል፣ ሁለቱ ቲቸሮች ይነጋገራሉ ወይ፣ አንዱ ጋ የገባትን ሌላው ጋ እንዴት እናገናኝላት። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃው ነበር እኮ።

የወላጅ ኮሚቴ ምርጫም እዛው ተካሄደ፣ እጅ ሲባል ሁሉም ጫማውን ያያል፣ በመጨረሻ ባለፈው ዓመት የነበሩት ተመልሰው ገቡ። በግል ትምህርት ቤት ኮሚቴው የሚታወሰው የክፍያ ጭማሪ ሲመጣ ብቻ ነው፣ ፈርሙ ሲባል፣ ከዛ በተረፈ ስልካቸውንም አናውቅም። እህቴ ልጇን መንግስት ትምህርት ቤት ነው የምታስተምረው፣ እሷ ጋ ያለው ሌላ ዓለም ነው። ችግር የለም አላልኩም፣ ክፍሉ ሙሉ ነው። ግን አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 ወዲህ ምገባው፣ ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ ከከተማ አስተዳደሩ ሆኖ፣ ምግቡን የሚሰሩት እናቶች እዛው ግቢ ውስጥ ናቸው፣ ብዙዎቹ የሰፈር ሰዎች። እህቴ እንደምትለኝ መጋቢ እናቶቹ ማን ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ፣ ማን ዛሬ ፊቱ ልክ እንዳልሆነ ከአስተማሪው ቀድመው ያውቃሉ፣ ማታ ሰፈር ውስጥ ለእናትየው ይነግሯታል። በወር ያን ሁሉ ብር ከፍዬ እኔ ይሄ የለኝም። ጥበቃው በር ላይ የመረከቢያ ካርድ አይቶ ልጅ ይሰጠኛል፣ ሰርቪስ ከሆነ እሱንም አላየውም። ካርዱን ግን አልነቅፍም፣ ልጅን ለማንም አለመስጠታቸው ልክ ነው፣ አንዴ ወንድሜን ካርድ ረስቶ ስለሄደ እኔ ደውዬ እስካረጋግጥ አቁመውታል፣ ተናዶብኛል፣ እኔ ግን ደስ ነው ያለኝ።

ከሁሉም የከፋውን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ስላመመኝ ነው። ባለፈው ዓመት የትልቋ ሚስ (ያን ጊዜ 2ኛ ክፍል) መስከረም ላይ ልክ እንደ ዩኬጂዋ አድርጋ ተቀብላን፣ ልጅቷ ድምጽ ከፍ ሲል እንደምትደነግጥ ነግረናት፣ ከፊት አስቀምጣ፣ እየተደዋወልን፣ ሁሉ ነገር ደርሶ ነበር። ጥር ላይ ለቀቀች። ሌላ ትምህርት ቤት ትንሽ ብር ጨመረላት፣ አልፈርድባትም፣ የቤት ኪራይ የት እንደደረሰ ሁላችን እናውቃለን። ግን አዲሷ ስትመጣ መስከረም ላይ የሞላነው ቅጽ አልተሰጣትም፣ ስለ ልጄ የምታውቀው ስሟንና የጥሪ ቁጥሯን ነው፣ ልጄም ከኋላ ወንበር ላይ ተገኘች። እኛም ስለ ለውጡ የሰማነው ከልጅቷ ነው፣ "ሚስ እኮ ሄደች" ብላ። ወላጅና ትምህርት ቤት እንተባበር የሚል ባነር በር ላይ ሰቅሎ አስተማሪ ማቆየት ካልተቻለ፣ ቢያንስ የነገርናትን ለተተኪዋ ማስተላለፍ ያቅታል? ፋይል እኮ ነው። ይሄንን በደብዳቤ ጠይቄያቸዋለሁ፣ "ወደፊት እናስተካክላለን" የሚል ቃል ነው ያገኘሁት፣ እንግዲህ ዘንድሮ ጥርን እናያለን።

ታዲያ ላስመዝግብ ወይ ለምትሉ፣ ኬጂ ከሆነ አዎ፣ ሳላቅማማ። የኬጂው ክፍል ኃላፊ ስራዋን የምታውቅ ሴት ናት፣ የመጀመሪያው ሳምንት ወላጅ ክፍል ድረስ ገብቶ ልጁ እስኪረጋጋ እንዲቀመጥ ትፈቅዳለች፣ ሌላ ቦታ በር ላይ ነጥቀው ነው የሚያስገቡት፣ ልጁ ሲጮህ እናትየው ከአጥሩ ውጪ ስታለቅስ። ከ1ኛ ክፍል በላይ ከሆነ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ሄዳችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፣ የክፍሉ አስተማሪ ስንት ዓመት እዛ ቆይቷል፣ እና አስተማሪ መሃል ላይ ቢለቅ ማን ነው የሚነግረኝ። የሚያንገራግሩበትን እዩ። ዩኒፎርም እዛው ካልገዛችሁ ይሉና ዋጋው መርካቶ ካለው ይለያል፣ እሱን ሌላ ቀን።

ኤዲት፦ ይሄን ከጻፍኩ በኋላ ቀጣዩ ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት እንደሚሆን በኤስኤምኤስ ደረሰን፣ በእንግሊዝኛ። ግማሽ ኮከብ ጨምሬ ነው 3.5 ያደረግሁት፣ መጀመሪያ 3 ነበር።